ሲነካዎት ይንገሩኝ

ቆዳችሁ ላይ ፈዘዝ ያለ ምልክት ወጥቶ የማያሳክካችሁ፣ የማያቃጥላችሁ፣ ስትነኩት ምንም የማይላችሁ ከሆነ «ተመስገን፣ አያመኝም» ብላችሁ አትለፉት። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ተመስገን ስል ኖሬአለሁ። የሚያም ነገር ቢሆን ኖሮ ገና በሳምንቱ ሐኪም ቤት በሮጥኩ ነበር። አለማመሙ ነው ጉድ የሠራኝ።

ደረጀ እባላለሁ። የምኖረው ቡራዩ ነው፣ ከእናቴና ከታናሽ እህቴ ከሜሮን ጋር። የማስተምረው ደግሞ ሰበታ፣ አንድ የግል ኮሌጅ ውስጥ፣ ሶሲዮሎጂ። ተማሪዎቼ አብዛኞቹ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች ናቸው፤ ቅዳሜና እሑድ ዲግሪያቸውን ለመጨረስ ይመጣሉ፣ እኔም ማኅበራዊ መዋቅር ምንድን ነው፣ ባህል ምንድን ነው፣ ጤናን ከሁለቱ ጋር ምን አገናኘው እያልኩ አደርቃቸዋለሁ። አባታችን ከሞተ ወዲህ የቤቱ አባወራ እኔ ነኝ። ሜሮንን በአሥራ አራት ዓመት ስለምበልጣት «ወንድም ጋሼ» ነው የምትለኝ፤ ፊደል ያስቆጠርኳትም፣ ስትታመም አዝዬ የሮጥኩትም እኔ ነኝ። ይህ ታሪክ የእኔ ቆዳ ብቻ ቢሆን ኖሮ በአንድ ገጽ ባለቀ ነበር። የሜሮን ትዳር ስለገባበት ነው የረዘመው።

ምልክቱ መጀመሪያ የወጣው ግራ ክንዴ ላይ ነው፣ ከክርኔ ዝቅ ብሎ። የሳንቲም ያህል፣ ከቆዳዬ ትንሽ ፈካ ያለ። እናቴ አየችውና «ምች ነው» አለች። ዳማከሴ አሽታ ቀባችኝ፤ በማግስቱ መምህራን ክፍል ውስጥ ሁሉም ሰው «ምንድን ነው የሚሸተው?» እያለ ሲዞር እኔ ዝም። ምልክቱ አልጠፋም። ፋርማሲ ሄድኩ፣ ልጅቷ ከመስታወቱ ጀርባ ሆና አየት አደረገችኝና «ጭርት ነው» ብላ ቅባት ሰጠችኝ። ቅባቱ ሲያልቅ ምልክቶቹ ሦስት ሆነዋል። እዚያው ቡራዩ አንድ ክሊኒክ ገባሁ፣ «አለርጂ» ተባልኩ፤ እንቁላል ተው፣ ሳሙና ቀይር። ተውኩም፣ ቀየርኩም። ቀጥሎ የግራ እጄ ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣቴ መደንዘዝ ጀመሩ። ሌላ ክሊኒክ ሄድኩ፤ «ስኳር ሊሆን ይችላል» ብለው ደም ወሰዱ፣ ስኳር የለም። «እንግዲያው ነርቭ ነው፣ ቫይታሚን አንሶህ ነው» ተባለና አሥር መርፌ ታዘዘልኝ። አሥሩንም ተወጋሁ፤ እስክጨርስ ድረስ ታክሲ ውስጥ የምቀመጠው በአንድ ጎኔ ነበር። ሦስተኛው ሐኪም ወረቀቶቹን ሁሉ አገላብጦ ካየ በኋላ ስክሪብቶውን አስቀመጠና «መምህር፣ ብዙ ያስባሉ መሰለኝ፤ ጭንቀት ነው» አለኝ። ኧረ እኔ ጭራሽ አልተጨነቅኩም።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ከእናቴ በቀር ከእነዚህ ሁሉ ሰዎች ክንዴን የነካው አንድም የለም። ሁሉም አይተው ነው የጻፉት። ክፍል ውስጥ «ሕመም ስሙን የሚያገኘው መጀመሪያ ቤት ውስጥ ነው፤ ሐኪሙ የሚመጣው ሦስተኛ ወይም አራተኛ ላይ ነው» እያልኩ አስተምራለሁ፤ ለፈተናም አወጣዋለሁ። እኔ ራሴ እናቴ የሰጠችኝን ስም ይዤ ከበር በር ስዞር ግን ያው ነገር መሆኑ አልታየኝም።

ከኮሌጁ በር ፊት ለፊት አንዲት ሻይ ቤት አለች። አንድ ቀን ጠዋት ብርጭቆውን በግራ መዳፌ ጨብጬ፣ በቀኜ ፈተና አርማለሁ። ሻይ የምትቀዳዋ ልጅ ቆማ ታየኛለች።

«ቲቸር፣ አያቃጥልዎትም እንዴ? አሁን ከእሳት የወረደ ነው እኮ!»

«የአስተማሪ እጅ ነው፣ ደንድኗል» አልኳት። ሳቀች፣ እኔም ሳቅኩ። ማታ መዳፌ ውኃ ቋጥሮ አገኘሁት። እናቴ «ምን ነካህ?» ስትለኝ ምን እንደነካኝ ማስታወስ አልቻልኩም።

የዚያ ሳምንት ቅዳሜ ትምህርቱ መገለል ነበር። አንድ ማኅበረሰብ አንድን ምልክት ይዞ ሰውን ከሰው ተራ እንዴት እንደሚያወጣ ማለት ነው። ለዚህ ትምህርት ሁልጊዜ የምጠቀምበት አንድ ምሳሌ አለኝ፤ ሥጋ ደዌ። ድሮ በሽተኛው ከመንደር ውጪ ጎጆ ይሠራለት ነበር፣ ዕቃው ይለይ ነበር፣ ከዘሩም ማንም አይጋባም ነበር እያልኩ እንደ ታሪክ እተርከዋለሁ። አስቴር የምትባል ተማሪ እጇን አወጣች። ከወላይታ መጥታ ሰበታ ጤና ጣቢያ ውስጥ ለዓመታት የሠራች ነርስ ናት፤ ክፍል ውስጥ ብዙ አታወራም።

«ቲቸር፣ አሁንም አለ እኮ። ባለፈው ወር እንኳ ሁለት ሰው መድኃኒት አስጀምሬያለሁ።»

«በአብዛኛው ለማለት ነው» ብዬ አለፍኩት። ሙቀት ስለነበረ እጅጌዬን ሰብስቤ ሰሌዳው ላይ መጻፌን ቀጠልኩ። ክፍሉ ሲበተን አስቴር አልወጣችም።

«ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ክንድዎን ላየው?»

«ኧረ አለርጂ ነው። ታይቷል።»

«ይሁን፣ እኔም ልየው።» ከቦርሳዋ ጥጥ አውጥታ ጫፉን በጣቶቿ አሾለችው። «ዓይንዎን ይጨፍኑ። ሲነካዎት ይንገሩኝ።»

ጨፈንኩ። ከጅማ መንገድ የከባድ መኪና ድምፅ ይሰማኛል። የጥበቃው ሬዲዮ ይሰማኛል። የጥጥ ነገር የለም። ትንሽ ጠበቅኩና «እሺ፣ ጀምሪ እንጂ» አልኳት።

የስክሪብቶ ክዳን ጠቅ ሲል ሰማሁ።

«አስቴር?»

«ጨርሻለሁ ቲቸር።»

ዓይኔን ስገልጥ ጥጡ በአንድ እጇ፣ ስክሪብቶ በሌላ እጇ ይዛለች። «ስንት ጊዜ ነካሽኝ?» አልኳት።

«ዘጠኝ ጊዜ። ሦስቱ በስክሪብቶው ጫፍ ነው፣ ጫን አድርጌ።»

ከዚያ የክርኔን ጀርባ በጣቷ ፈለገችው። እዚያ የሚያልፍ ነርቭ አለ፣ ክርናችሁ ሲመታ የሚነዝራችሁ እሱ ነው። የእኔ አብጦ እንደ ገመድ ሆኖ ነበር። «በሽታው አይገድልዎትም፣ ይድናሉ» አለችኝ። «ቀን በቆየ ቁጥር ግን የሚሄደው እጅዎ ነው። ሰኞን እንዳያሳልፉ።» እኔ ምን እንደመለስኩላት ታውቃላችሁ? «የቤት ሥራውን ለሚቀጥለው ቅዳሜ እንዳትረሺ» ነው ያልኳት። እውነቴን ነው።

የቆዳ ሕክምና ያለበት ሆስፒታል አዲስ አበባ ነው። ታክሲው በሩ ጋ ሲደርስ ረዳቱ የሆስፒታሉን ስም ጮክ ብሎ ጠርቶ «ወራጅ አለ?» አለ። እኔ ዝም አልኩ። ከእኔ ሌላ ሁለት ሰዎችም ዝም አሉ። ሦስታችንም ቀጣዩ ፌርማታ ላይ ወርደን፣ እርስ በርስ ሳንተያይ፣ ያንኑ መንገድ በእግራችን ተመለስን። መገለልን የሚያስተምረው መምህር ማለት እኔ ነኝ!

የተራ መጠበቂያው ረጅም አግዳሚ ያለበት በረንዳ ነው። ለወትሮው እንዲህ ያለ ቦታ ስገባ ማን የት ተቀመጠ ብዬ ማየት ልማዴ ነው። ነባሮቹ ፀሐዩ ጋ ተቀምጠው ይጨዋወታሉ፤ አዳዲሶቹ በር በሩን ይዘን፣ እጃችንን ኪስ ውስጥ ከትተን ቆመናል። ጣቶቻቸው ያጠሩ አንዲት እናት ነጠላቸውን ሰብስበው ቦታ ለቀቁልኝ።

«ና ልጄ፣ እዚህ ጋ ፀሐይ አለ።»

ሄጄ ተቀመጥኩ። በመካከላችን ግን አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ክፍተት ተውኩ። እሳቸውም ክፍተቷን አዩዋት፣ እኔንም አዩኝ። «ግድ የለም፣ ስትለምድ ትጠጋለህ» አሉኝ፣ ምንም ቅር ሳይላቸው። አፈርኩ። ግን አልተጠጋሁም።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ከጆሮዬ ጫፍ ትንሽ ፈሳሽ በምላጭ ወሰደች፣ እያንዳንዱን ምልክት ነካች፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ አስዘረጋችኝ። ውጤቱ ሲመጣ ሳትሸፋፍን ነገረችኝ። ሥጋ ደዌ ነው። በዘር አይተላለፍም፤ ተህዋስ ነው፣ ነርቭ የሚበላ። መድኃኒቱ በነጻ ነው፣ ዓመት ይወሰዳል። ከጀመርኩት በኋላ ለሰው አላስተላልፍም። የደነዘዘው ሁሉ ግን ላይመለስ ይችላል። «ከዛሬ ጀምሮ እጅዎ የማይነግርዎትን ዓይንዎ ይንገርዎት» አለችኝ። «የሚይዙትን ሁሉ እያዩ ይያዙ። አብረውዎት የሚኖሩትን ደግሞ በቶሎ ያምጡልኝና ልያቸው። ገና ሲጀምር ከተገኘ እጅ አይጎዳም።»

አላለቀስኩም። ከበሩ ስወጣ አንድ ኪሎ ሙዝ ገዛሁና ወደ ቡራዩ ተሳፈርኩ። ሌሊቱንም እንቅልፌን ለጥጬ ተኛሁ። ሰው ሲነግሩት ያብዳል ይባላል፤ እኔ ክንዴ ላይ ያለው ነገር ወደ ውስጥ የገባ ይመስል ደንዝዤ ነበር።

እናቴ ስነግራት መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ማን ያውቃል?» ብላ ነው። ቀጥላ መቁጠር ጀመረች፤ በእሷ በኩል እስከ ሰባት ቤት፣ በአባቴ በኩል እስከ ሰባት ቤት።

«የለም! በእኛ ዘር የለም! በአባትህም የለም!»

«እማዬ፣ በዘር አይደለም እኮ ነው የምልሽ።»

«እሱን ለእኔ ሳይሆን ለሱሉልታዎቹ ንገራቸው።»

ሱሉልታዎቹ ያለቻቸው የለሚን ቤተሰቦች ነው። ለሚ የሜሮን እጮኛ ነው። ድሮ ሯጭ ነበር፣ ጉልበቱን ተጎድቶ አቆመና አሁን ወተት የሚያመላልስ ፒክአፕ ይነዳል። በጥር ሽማግሌ ሊልክ ቀን ቆርጦ ነበር። ሽማግሌ ሲመጣ ደግሞ ዘር ይጠየቃል፤ ደዌ አለ ወይ ይባላል። ተቀብሎ የሚመልሰው የቤቱ አባወራ ነው። እሱ እኔ ነኝ።

ሜሮን ከጓዳ በር ላይ ቆማ ሰምታን ነበር። «እኔ ነገ ሄጄ እመረመራለሁ» አለች።

«ሽማግሌው ሳይመጣ? አንቺ ልጅ አብደሻል?» አለች እናቴ። «እዚያ በር ላይ የሚያውቀን ሰው ቢያይሽስ? አለቀልን!»

ሁለቱም ወደ እኔ አዩ። ሐኪሟ በቶሎ ያለችውን የሰማሁት እኔ ነኝ። የሚያባክኑት ቀን ምን እንደሚወስድ የማውቀው እኔ ነኝ። «ሽማግሌው እስኪመጣ ይቆይ» አልኩ። ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ለመናዘዝ ነው ብትሉኝ አልክድም።

መድኃኒቱን ከሰበታ እንድወስድ ሆነ፣ ሰፈር እንዳይሰማ። የምትሰጠኝ አስቴር ናት። በወር አንድ ቀን ፊቷ ቆሜ የምውጠው ኪኒን አለ። ቅዳሜ እኔ «አስቴር፣ ደረጃና ሚና ልዩነታቸው ምንድን ነው?» እላታለሁ፤ ማክሰኞ እሷ «ቲቸር፣ ውኃ ይጨምሩ፣ በደንብ ይዋጡት» ትለኛለች። ሽንቴ ቀላ፣ ቆዳዬ ጠቆረ። መድኃኒቱ እንደሚያመጣው ሐኪሟ አስቀድማ ነግራኝ ስለነበር አልደነገጥኩም። የሥራ ባልደረቦቼ «ደሬ፣ ምን ሆነህ ነው እንዲህ የከሰልከው?» ሲሉኝ «ፀሐይ ነው» እላለሁ።

ቤት ውስጥ ደግሞ አንድ ሰማያዊ የፕላስቲክ ኩባያ መጣ። ማንም የማን ነው አላለም። እናቴ ሻይ ስትቀዳ ለሜሮን በብርጭቆ፣ ለራሷ በብርጭቆ፣ ለእኔ በሰማያዊው ኩባያ። ሲታጠብም ለብቻው ነው። ሐኪሟ ያለችውን ልነግራት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ጠጣሁበት። ሰው ሲታመም ከሥራው ይፈታል፣ ይጠየቃል፣ እሱም ለመዳን ይጥራል፤ ይህ የታማሚ ሚና ይባላል ብዬ አስተምራለሁ። በታይፎይድ ብተኛ ኖሮ ዕድርተኛው ሁሉ ብርቱካን ይዞ አልጋዬን በከበበኝ ነበር። ሚናውን የማያሰጥ ሕመም እንዳለ ግን ለተማሪዎቼ ነግሬያቸው አላውቅም።

ሽማግሌዎቹ በጥር አንድ እሑድ ሦስት ሆነው መጡ። ትልቁ ኦቦ ቶሎሳ የለሚ አጎት ናቸው፤ ነጭ ጋቢ፣ ከዘራ፣ ረጋ ያለ ንግግር። በኦሮምኛም በአማርኛም ሰላምታ ተለዋወጥን፣ አጠገቤ ተቀመጡ። እናቴ መልሱን ቃል በቃል አስጠንታኛለች፤ «በሁለቱም ወገን የሚነገር ነገር የለም» እላለሁ። ሻይ መጣ። እናቴ በእንግዳ ፊት ሰማያዊውን ኩባያ ልታመጣ አትችልም። ለእኔም እንደ ሰው ሁሉ በብርጭቆ ቀዳችልኝ። ከሁለት ወር በኋላ ብርጭቆ! ደስ አለኝ፣ ምን ይዋሻል። ሳላይ በግራ መዳፌ እቅፍ አደረግኩት።

ኦቦ ቶሎሳ ወሬያቸውን አቋረጡ። የእሳቸው ብርጭቆ ገና ጠረጴዛው ላይ ይጤሳል። እጄን አዩ። ቀስ ብለው ጎንበስ አሉና ብርጭቆውን ከመዳፌ ፈልቅቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ሃ ቀበናኡ» አሉ፣ እኔ ብቻ እንድሰማ። ይብረድ ማለታቸው ነው።

ሁለተኛው ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ወደ ዘሩ እንምጣ። እንደ ወጉ፣ በአባትም በእናትም በኩል...»

«እሱን እኔ ጨርሻለሁ» አሉ ኦቦ ቶሎሳ።

«መቼ?»

«ጨርሻለሁ አልኩ እኮ።»

ታላቅ እንዲህ ካለ ታናሽ አይመልስም። ነገሩ ታለፈ። ቀን ተቆረጠ፣ ምርቃት ተመረቀ፣ እናቴ ጓዳ ገብታ እልል አለች። እኔ ያጠናሁት መልስ አፌ ውስጥ እንዳለ ቀረ።

ታክሲ ድረስ ልሸኛቸው ወጣሁ። ሁለቱን አስቀድመው ከእኔ ጋር ወደኋላ ቀረት አሉ።

«መድኃኒት ጀምረሃል?»

«ሁለት ወሬ ነው፣ ኦቦ ቶሎሳ።»

«ታላቅ እህት ነበረችኝ» አሉ። «ከበረቱ ጎን ጎጆ ሠራንላት። ምግቧን በር ላይ አስቀምጬ እሮጥ ነበር፣ ቀና ብዬ እንኳ ሳላያት። ትኩስ ድስት በባዶ እጇ ታወርድ ነበር። ይኸው እንደ አንተ። ያን ጊዜ ኪኒን የሚባል ነገር አልሰማንም።» ትንሽ ተራመዱ። «እኔ ሽማግሌ ሆኜ ሰው ቤት ገብቼ ያንን ጥያቄ አልጠይቅም። ለሚ ግን ቤት ሊመሠርት ነው፣ ሊያውቅ ይገባል። እኔ አልነግረውም። ከአንተ አፍ ይስማ።» ታክሲው ቆመ። አንድ እግራቸውን ካስገቡ በኋላ ዞሩ። «እህትህስ፣ ታየች?»

«አልታየችም።»

«ለምን?»

ታክሲው ሄደ። እዚያው ቆሜ ቀረሁ፤ ከዚያ ሁሉ ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ውስጤ ድረስ የገባ ነገር የተሰማኝ እዚያ ነው። እፍረት ነው። ከእግሬ እስከ ፀጉሬ።

ሰኞ ሱሉልታ ወጣሁ። ለሚ ፒክአፑን መንገድ ዳር አቁሞ ጠበቀኝ፤ የወተት ጣሳዎቹ ባዶ ናቸው። ሯጮች በቡድን በቡድን ሆነው በአጠገባችን ያልፋሉ፣ እሱም በዓይኑ ይሸኛቸዋል። ነገርኩት። ሳልቆርጥ፣ ከምልክቱ እስከ ኪኒኑ። መሪውን እንደያዘ ሰማኝ።

«ይተላለፋል?»

«መድኃኒት ከጀመርኩ በኋላ አይተላለፍም። ከዚያ በፊት ግን ሁለት ዓመት አብረን ኖረናል።»

«ሜሮን አለባት?»

«አናውቅም። አላስመረመርናትም።»

«ሁለት ወር ሙሉ? ለምን?»

«አንተ እንዳትቀር ብለን።»

ዞሮ አየኝ። ለሚ ሲቆጣ አይቼው አላውቅም። «እኔ እንዳልቀር ብላችሁ እሷን እጇን ልታሳጧት? አንተ አስተማሪ አይደለህም እንዴ?» በሩን ከፍቶ ወረደ፣ መኪናውን አንዴ ዞረው፣ ተመልሶ መጣ። «ጥቂት ቀን ተወኝ። አትደውልልኝ።»

ለሜሮን ማታውኑ ነገርኳት። «ለእኔ አስቀድመህ መንገር ነበረብህ» አለችና ክፍሏ ገባች። ማክሰኞ ስልኩ አልጮኸም። ረቡዕም። እናቴ «አፈረስከው፣ በገዛ እጅህ አፈረስከው» እያለች ቤቱን ትዞራለች። እኔ አስተማርኩ፣ ኪኒኔን ዋጥኩ፣ በሰማያዊው ኩባያ ጠጣሁ። ሐሙስ ጠዋት የግቢያችን በር ላይ ክላክስ ጮኸ።

ለሚ ነው። ጣሳዎቹን አውርዶ መኪናውን አጥቦ መጥቷል። «ውጡ፣ ሦስታችሁም፣ ወረፋ ሳይበዛ እንድረስ» አለ። ሜሮን ጫማዋን እንኳ በወጉ ሳታስር ሮጠች።

«ልጄ፣ ጎረቤት ያየናል» አለች እናቴ።

«እማማ፣ ጎረቤት የሚያየው ወተት መኪና ላይ ሲወጡ ነው። ላም ገዙ ይበሉ።»

እናቴ ሳቀች። ወደ ሆስፒታሉ ግቢ የገባነው በዋናው በር፣ በመኪና ነው። በረንዳው ላይ እኚያ እናት ፀሐዩ ጋ ተቀምጠዋል፤ እንደገና ቦታ ለቀቁ። እናቴ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ፣ ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ ክፍተት ትታ ተቀመጠች።

«ግድ የለም እማዬ» አልኳት፣ «ስትለምጂ ትጠጊያለሽ።» እሳቸው ሰምተው ሳቁ። እኔ በመካከላቸው ገብቼ ተቀመጥኩ።

ሜሮን ገብታ እስክትወጣ ድረስ ለሚ ቆሞ ነበር። እኔ «ይቆይ» ካልኩበት ቀን ወዲህ ያለፉትን ቀናት እየቆጠርኩ ነበር። ወጣች። ምንም የለባትም። እናቴም ነጻ ናት። መከላከያ የሚሆን አንድ ጊዜ የሚዋጥ መድኃኒት ሰጧቸው፣ ተመለስን። አመሰግናለሁ ልለው ስል ለሚ እጁን አንስቶ አስቆመኝ። «አልረሳሁልህም ገና» አለ። ልክ ነው።

በመጋቢት ክንዴ ቀላ፣ አበጠ፣ የክርኔ ነርቭ ጥርስ እንደሚያም ያመኝ ጀመር። መድኃኒት እየተወሰደ እንዲህ ያለ ቁጣ ይመጣል፤ ሰውነት ከሞተው ተህዋስ ጋር ሲጣላ ነው። ይህ ሲሆን መድኃኒቱን አታቁሙ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂዱ። እኔ ሄጄ የእብጠት ማብረጃ ተጨመረልኝ፣ ነርቩም ተረፈ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሕመሙ ሲጀምረኝ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ «እማዬ፣ አመመኝ!» ብዬ የጮህኩት በደስታ ነው። እናቴ እየሮጠች መጥታ ክንዴን በሁለት እጇ ያዘችው። ሰማያዊውን ኩባያ ከዚያ ወዲህ ጨው መያዣ ሆኖ አገኘሁት።

ዓመቱን ጨርሼ መድኃኒቱን አቁሜያለሁ። የቆዳዬ ቀለም ቀስ እያለ እየተመለሰ ነው። ከምልክቶቹ አንዱ ጋ ጥጥ ይሰማኛል። የግራ መዳፌና ሁለቱ ጣቶቼ ግን አልተመለሱም፣ አይመለሱምም መሰለኝ። ሥጋ ደዌን ክፍል ውስጥ አሁን የማስተምረው እጅጌዬን ሰብስቤ ነው። ክሊኒክ ስትሄዱ አይተው ብቻ የሚጽፉላችሁን «ይንኩኝ» በሏቸው። ቤታችሁ ያሉትን ደግሞ ለማንም ሽማግሌ ብላችሁ አታቆዩ።

ሰርጉ በሚያዝያ ነበር፣ መድኃኒቱ ላይ እያለሁ። ሙሽራዋን ከውስጥ ክፍል አውጥቶ እስከ ግቢው በር የሚያደርሳት አባት ነው፤ አባት ከሌለ ታላቅ ወንድም። ሜሮን ቬሏን ሰብስባ በግራዬ ቆመች።

«ወንድም ጋሼ፣ ያዘኝ።»

በደህናው እጄ እንዳልይዛት እሷ በግራ ነው የቆመችው፣ እያወቀች። ያዝኳት። ምንም አልተሰማኝም። ሙቀትም፣ ጓንቷም።

«ይዘኸኛል?»

«ይዤሻለሁ።»

ዘፈኑ ደመቀ፣ አበባ ተበተነ፣ በሩ ላይ ኦቦ ቶሎሳና ለሚ ቆመዋል። ዘመዶቻችን አሁንም ያንን ቪዲዮ ባዩ ቁጥር እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ ያስቆሙታል። «አይ ደሬ! አንገቱን ደፍቶ እንዴት እንዳለቀሰላት እዩት» ይላሉ። አላለቀስኩም። ከክፍሉ እስከ በሩ ድረስ እጄን እያየሁ ነበር፣ እንዳልለቃት።